የጠጉር መርገፍና የሐኪም ጎዳና፦ ከቢቸናና ከሞጣ የተነሣ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

የዚህ የዓመት መጽሔት አዘጋጆች ከዕለት ሥራችን ጥቂት ወጣ ያለ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው ድልድይም ግድብም ሳይሆን አንድ የሱፍ ቆብ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቢቸናና በሞጣ መካከል በመንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ዕድሜው ከሃያ ብዙም ያላለፈ አንድ የቀን ሠራተኛ ሄልሜት አላደርግም አለ። ሲሰጡት ይቀበላል፤ ዞር ሲሉ ያስቀምጠዋል። ፎርማኑ ተቆጥቶ ሊያሰናብተው ተነሣ። ለብቻው ጠርቼ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ጥቂት ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ከቆየ በኋላ የሱፍ ቆቡን ከግንባሩ ከፍ አደረገው። ግማሽ የሚሆነው የራሱ ቆዳ ጠጉር የለበትም፤ ያብረቀርቃል፤ እዚህም እዚያም ብቻ ጥቂት ዘለላ ቀርቷል። ሄልሜቱ በሱፍ ቆቡ ላይ አልገባ ይለዋል፤ ቆቡን አውልቆ በሰው ፊት መቆም ደግሞ አይሆንለትም።

«ልጅ ሳለሁ ላሽ ነው ብለው ነጭ ሽንኩርት አሹልኝ፤ ጠበልም ተጠመቅሁ። አድጌ ሐኪም ዘንድ ስደርስ፣ በሽታው ለቅቆሃል፤ የጠጉሩ ሥር ግን ሞቷል፤ ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ ይድን ነበር አሉኝ፣ ኢንጂነር» አለኝ።

ሰፋ ያለ ሄልሜት ተፈልጎለት ከነቆቡ ማድረግ ጀመረ። የእኛ ችግር በዚህ ተፈታ፤ የእርሱ ግን አልተፈታም። «ቀደም ብለህ ብትመጣ» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ቀደም ብሎ ወዴት ይመጣ ነበር? በየትኛው መንገድ? ማንስ ዘንድ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው። ጸሐፊው የሕክምና ባለሙያ አይደለም። ሆኖም ግድግዳ ሲሰነጠቅ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ምን እንደሚያስከትል የዚህ መጽሔት አንባቢ ሁሉ ያውቃልና፣ ነገሩ ከሙያችን ያን ያህል የራቀ አይደለም።

የበሽታው ስም በአገሩ አፍ

የጎጃም ገበሬ የራስ ቅል በሽታን ያለ ስም አልተወውም። ቆረቆር፣ ላሽ፣ ፎረፎር ይላል። ገላ ላይ ክብ ሆኖ የሚወጣውን ደግሞ ጭርት ይለዋል። እነዚህ ስሞች በዘፈቀደ የወጡ አይደሉም፤ ሕዝቡ ያለ መሣሪያ በዓይኑ ብቻ ያደረገው ምርመራ ውጤቶች ናቸው። ላሽ የሚባለው ጠጉር በድንገት በክብ ቅርጽ የሚረግፍበት፣ ቆዳው ልሙጥ ሆኖ የሚቀርበት ሕመም ነው፤ አይቀረፈትም፣ ብዙም አያሳክክም። ቆረቆር ግን ይቀረፈታል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ቢጫ ቅርፊት ያወጣል፤ ከልጅ ወደ ልጅም ይተላለፋል።

የዛሬው ሕክምና ይህን የአያቶቻችንን ልዩነት በአብዛኛው አጽድቆታል። ላሽ ተላላፊ አይደለም፤ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን የጠጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሥሩ አይሞትም፤ በብዙ ሰዎች ላይ በወራት ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ጠጉሩ በራሱ ይመለሳል። ቆረቆር ግን የፈንገስ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ በአመዛኙ የሚያስከትለው ሐኪሞች ትራይኮፋይተን ቫዮላሴየም የሚሉት የፈንገስ ዓይነት ነው። በቢጫ ቅርፊቱ የሚታወቀው የቆረቆር ዓይነት ደግሞ ሳይታከም ከቆየ የጠጉሩን ሥር አጥፍቶ ጠባሳ ይተዋል።

ችግሩ የሚነሣው ስሞቹ ሲቀያየሩ ነው። ነጭ ሽንኩርት የታሸለት የላሽ ሕመምተኛ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠጉሩ ቢመለስ፣ ምስጋናው ሁሉ ለሽንኩርቱ ይሆናል። በዚህ መንገድ ዝና ያገኘው መድኃኒት ነገ ለቆረቆር ሕመምተኛ ይሰጣል። ሽንኩርቱ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ፈንገሱ ግን በጠጉሩ ዘንግ ውስጥ ተደብቆ ሥራውን ይቀጥላል። የብሳና ቅጠል ጭማቂ በገላ ላይ ለወጣ ጭርት ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንኳ ብንል፣ ከውጭ የተቀባ ነገር ወደ ጠጉር ሥር ዘልቆ አይገባም። የእኛ ሠራተኛ ታሪክም ይኸው ነው፤ የዘገየው መድኃኒት በማጣት ብቻ ሳይሆን የሌላውን በሽታ መድኃኒት በማግኘቱ ጭምር ነው።

ምላጩና ደበሎው

ቆረቆር ለምን በዚህ አገር ተስፋፋ? መልሱን በአኗኗራችን ውስጥ እናገኘዋለን። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው። በብርዱ ምክንያት ልጆች በአንድ ቁርበት ላይ፣ በአንድ ጋቢ ሥር ተጠጋግተው ይተኛሉ። የልጅ ራስ በየጊዜው ይላጫል፤ ለወንዱ ቁንጮ፣ ለሴቷ ጋሜ ይተውላቸዋል። በበዓል ዋዜማ አንድ ምላጭ የመንደሩን ልጆች ራስ በተራ ሲዞር መዋል የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ምላጩ ቆዳን ባይቆርጥ እንኳ ከአንዱ ራስ የወሰደውን ቅርፊት ለሌላው ያደርሳል።

በዚህ ላይ የምሥራቅ ጎጃም የትምህርት ታሪክ ይጨመርበታል። በቢቸና አጠገብ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ለዘመናት የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ምንጮች ናቸው። ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። ይህን የመሰለ ዕውቀት ያፈለቀው ኑሮ ግን ለሥጋ የሚራራ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተፋፍጎ የሚያድር፣ ቀለብ ለምኖ የሚበላ ነው። ቆረቆርና እከክ፣ ቅማል፣ ቅማልም የሚያመጣው የግርሻ ትኩሳት የዚህ ኑሮ ተከታዮች ነበሩ።

የግርሻ ትኩሳት ሲነሣ ሌላ ነገር ማስታወስ ይገባል። ከከባድ ትኩሳት፣ ከወሊድ ወይም ከረኀብ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ጠጉር በብዛት ይረግፋል። ሰውነት ሕይወቱን ለማዳን ሲል የጠጉሩን ማደግ ስለሚያቆመው ነው። ሕመምተኛው ግን ትኩሳቱን ረስቶታልና፣ የጠጉሩን መርገፍ ዓይን የበላው ወይም መተት የነካው አድርጎ ይቆጥረዋል። በጊዜ ርቀት ምክንያት መንሥኤና ውጤት እንደተለያዩ ይቀራሉ። ልምድ ያለው ሐኪም ግን «ከሦስት ወር በፊት ምን ሆነህ ነበር?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ያገናኛቸዋል። እንዲህ ያለው መርገፍ ሥሩን ስለማይጎዳ፣ መንሥኤው ከተወገደ ጠጉሩ በራሱ ይመለሳል።

ምርመራው በውጭው ዓለም እንዴት ተገኘ

ቆረቆር የእኛ አገር በሽታ ብቻ አልነበረም። ባለ ቢጫ ቅርፊቱ ዓይነት በአውሮፓም የድኾች ልጆች ዕጣ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሾንላይን እ.ኤ.አ. በ1839 በዚህ ቅርፊት ውስጥ ፈንገስ መኖሩን ገለጸ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፓሪስ የሚሠራው ግሩቢ የራስ ቆረቆር ዓይነቶችን በማይክሮስኮፕ ለይቶ አሳየ። ይህ ፓስተር ስለ ጀርሞች ከማስተማሩ በፊት የተደረገ ግኝት መሆኑ ሊታወስ ይገባዋል፤ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር የሰውን በሽታ እንደሚያስከትል ካሳዩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በልጆች ራስ ላይ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ግን ወዲያው ፈውስ አላመጣም። ፈረንሳዊው ሳቡሮ እ.ኤ.አ. በ1904 ጠጉሩን በኤክስሬይ ማርገፍን ጀመረ፤ ጠጉሩ ሲረግፍ ፈንገሱም አብሮ ይወጣልና። ዘዴው በብዙ አገሮች ተሠራበት። በእስራኤል ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1960 ባሉት ዓመታት 20000 ያህል ልጆች፣ አብዛኛዎቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ስደተኞች፣ በዚህ ጨረር ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ጥናት ከእነዚህ መካከል የጭንቅላትና የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር መብዛቱን አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የአገሪቱ ምክር ቤት ተጎጂዎቹ ካሣ የሚያገኙበትን ሕግ አወጣ። የሚያሳዝነው እውነተኛው መድኃኒት ሩቅ አለመሆኑ ነው። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ንጥረ ነገር ከሻጋታ ተለይቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር፤ በአፍ ቢወሰድ ቆረቆርን እንደሚያድን የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከዚያ በኋላ የልጅን ራስ በጨረር መምታት አስፈላጊነቱ ቀረ።

ለእኛ ሙያ ትምህርት የሚሆን ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ሐኪሞች ውድስ ላምፕ በሚባል ጥቁር ብርሃን የልጆችን ራስ ይመረምሩ ነበር፤ በብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ያበራ ጠጉር ሕመምተኛ ነው። መብራቱ በአውሮፓና በአሜሪካ በሚታወቁት አንዳንድ የፈንገስ ዓይነቶች ላይ በሚገባ ይሠራል። በኢትዮጵያ የሚበዛው ትራይኮፋይተን ቫዮላሴየም ግን በዚህ ብርሃን አያበራም። ስለዚህ ይህን መብራት ብቻ ይዞ ወደ ጎጃም ትምህርት ቤት የሚሄድ መርማሪ በቆረቆር የተያዙትን ልጆች ሁሉ ጤነኞች ናችሁ ብሎ ሊያሰናብት ይችላል። ለጠጠር የተዘጋጀ ፈተና ለሸክላ አፈር እንደማይሆን ሁሉ፣ መመርመሪያውም ከሚመረመረው ነገር ጋር መስማማት አለበት። በእኛ አገር የሚያስፈልገው ቅርፊቱንና የተሰበረውን ጠጉር ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ከተቻለም ሳቡሮ ባዘጋጀው ምግብ ላይ እስከ አራት ሳምንት ማብቀል ነው።

የቅንድብ ነገር

ስለ ጠጉር መርገፍ የሚደረግ የጎጃም ታሪክ ቅንድብን ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም። የቅንድብ መሳሳት፣ በተለይ ከውጭው ጫፍ በኩል ሲጀምር፣ ከሥጋ ደዌ ምልክቶች አንዱ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ፣ ኖርዌያዊው ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው፣ ቀዝቃዛውን የሰውነት ክፍል ይመርጣል፤ ስለዚህ ቅንድብን ሲያራግፍ ሞቃቱን የራስ ጠጉር በአብዛኛው ይተወዋል። ራሱ በጠጉር የተሞላ፣ ቅንድቡ ግን የጠፋ ሰው ለሠለጠነ ዓይን ብዙ ነገር ይናገራል።

ጎጃም ሥጋ ደዌ ከሚበዛባቸው ያገራችን ክፍሎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በአገራችን የመጀመሪያው የሥጋ ደዌ መታከሚያ በሐረር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1901 በካቶሊክ ሚሲዮናውያን ነው። በአዲስ አበባ ዳር የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል በ1920ዎቹ ዓ.ም. ተሠራ። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ቦታ ለመላው አፍሪካ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው አለርት ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ከጎኑ ተከፈተ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሥጋ ደዌን በተጣመሩ መድኃኒቶች ማከምን መከረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አገራችን ይህንኑ ጀመረች።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለሥጋ ደዌ የተገነባው ተቋም ከጊዜ በኋላ በአገሪቱ ዋነኛው የቆዳ ሕክምና ቦታ ሆነ። ሥጋ ደዌን ለመለየት ሌላውን የቆዳ ሕመም ሁሉ ማወቅ ግድ ነውና። ይህ መልካም ዕድል ሳንካም ነበረው። የቦታው ስም ከሥጋ ደዌ ጋር በመያያዙ፣ ላሽ ወይም ቆረቆር ብቻ ያለበት ሰው ወደዚያ መሄዱ ቢታወቅ ሐሜቱ ቀድሞት አገሩ ይገባል። ልጃገረድ ከሆነች ትዳር ይቀርባታል። ስለዚህ ብዙው ሰው ሕመሙን በሻሽና በቆብ ሸፍኖ መቀመጥን መረጠ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት በዚህ ረገድ ምንኛ እውነት ነው! ግን ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ስለሚያፍር ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍረው ስላለ ጭምር መሆኑ መረሳት የለበትም።

የሐኪሙ መንገድ

ቢቸና ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሞጣ ደግሞ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል። ዛሬ ይህ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ለአያቶቻችን ግን በመካከሉ ዓባይ ነበር። ከሞጣ ወደ ጎንደር የሚወስደው ጥንታዊ መንገድ ዓባይን የሚሻገረው በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ በሚነገርለት ድልድይ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ ድልድዩ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» የሚለውን ስም አተረፈ። ከዚያ ወዲያ ሰው በገመድ እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአጠገቡ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተተካለት። ጤነኛው ለገበያ ሲል በገመድ ይንጠለጠል ይሆናል። ግን ለልጁ ቆረቆር ሲል በዚያ ገመድ የሚንጠለጠል አባት ምን ያህል ነው? ቆረቆር አይገድልምና ነገ ይደርሳል ይባላል። «ነገ ይደርሳል» የተባለ በሽታ ደግሞ ሥር እየገደለ ይቆያል።

የመንግሥት ሕክምና ወደ ገጠር መዝለቅ የጀመረው በጎንደር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ ሺሕዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች አሰማራ። በዕቅዱ አንድ ጤና ጣቢያ ለ50000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነበር። ጤና መኮንኑ ወባን፣ ሳንባ ነቀርሳን፣ የሚያምጡ እናቶችን ትቶ ወደ ልጆች ራስ የሚመለከትበት ጊዜ ከየት ያገኛል? ይህ የሰው ጥፋት ሳይሆን የቁጥር ጉዳይ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደረገ። በደጀን በኩል አዲሱ የዓባይ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመረቀ። ዛሬ በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል አለ። ከቆዳ ስፔሻሊስት ጋር ለመገናኘት ግን አሁንም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ያስፈልጋል። መንገዱ አጥሯል፤ አላለቀም።

ስፔሻሊስቱ ምን ይመረምራል

ብዙ የሥራ ባልደረቦች ጠጉራቸው መሳሳት ሲጀምር ቅባትና ሻምፖ ገዝተው ከተጎዱ በኋላ ነው ሐኪም የሚያስቡት። ስለዚህ ምርመራው ምን እንደሚመስል ባጭሩ መግለጽ ይጠቅማል። ጤነኛ ሰው መቶ ሺሕ ያህል የራስ ጠጉር አለው፤ ከዚህ ውስጥ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ ያለ ነገር ነው። ሐኪሙ በቅድሚያ ይጠይቃል፦ መቼ ጀመረ? በአንድ ቦታ ነው ወይስ በሁሉም? ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ወሊድ፣ የክብደት መቀነስ ነበር? ቀጥሎም ጥቂት ዘለላ በጣቱ ይዞ በዝግታ ይስባል፤ በቀላሉ የሚነቀለውን ይቆጥራል። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ጥያቄ ለመመለስ ይጥራል፦ ሥሩ ሕያው ነው ወይስ በጠባሳ ተተክቷል?

ሥሩ ሕያው ከሆነ ፍለጋው ወደ መንሥኤው ይሄዳል። የደም ማነስ ጠጉርን ያሳሳል። በደጋው አገራችን የተለመደው እንቅርት የአዮዲን እጥረት ምልክት ነው፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲደክም ጠጉር ይደርቃል፣ ይረግፋል። የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በአገራችን በደንብ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቂጥኝ በሁለተኛ ደረጃው ጠጉርን ብል እንደበላው ጨርቅ ያደርገዋል፤ በደም ምርመራ ተለይቶ በፔኒሲሊን ይድናል። ሹሩባን አጥብቆ መሠራት በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን ጠጉር ይነቅላል፤ በጊዜ ከተተወ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞታል። ከአባትና ከእናት የተወረሰው ራሰ በራነት ደግሞ በሽታ ሳይሆን ተፈጥሮ ነው፤ ለእርሱ ከሐኪም የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ያለ ሥጋት መኖር ነው።

ቆረቆር ከሆነ መድኃኒቱ በአፍ የሚወሰድ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚቆይ ነው። ግሪሲዮፉልቪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በሚገባ አይቀበለውም። ስለዚህ በጾም ወራት የሚታከም ሰው ወተትና ቅቤ ባይነካ እንኳ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ያለበት ምግብ ጋር እንዲወስደው ሊነገረው ይገባል። ይህ ትንሽ የሚመስል ምክር ካልተሰጠ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ ሕክምናው ይቋረጣል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደታየው የጠጉር መርገፍ አንድ በሽታ አይደለም፤ የብዙ በሽታዎች፣ አንዳንዴም የጤንነት፣ ምልክት ነው። ምልክቱን ብቻ አይቶ መድኃኒት መስጠት፣ ነጭ ሽንኩርትም ይሁን ኤክስሬይ፣ ምን እንዳስከተለ ታሪክ አሳይቶናል። ሁለተኛም፣ ጊዜ ከመድኃኒት የማያንስ ነገር ነው። በስምንት ሳምንት የሚድነው ቆረቆር ሲዘገይ የዕድሜ ልክ ጠባሳ ይሆናል፤ በቅንድብ የጀመረው ሥጋ ደዌ ሲዘገይ ጣት ያሳጣል።

እኛ መሐንዲሶች ሐኪሞች አንሆንም። ነገር ግን በየሥራ ቦታችን በመቶ የሚቆጠሩ የገጠር ወጣቶች ያድራሉ፤ ሄልሜት በጋራ ያደርጋሉ፤ በአንድ ድንኳን ይተኛሉ። ሄልሜቱን ለየሰው መመደብ፣ ራሱን የሚሸፍነውን ልጅ ከማባረር በፊት ምክንያቱን መጠየቅ፣ ጤና ጣቢያ ደርሶ እንዲመለስ የአንድ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ መስጠት በእጃችን ያለ ነው። ያ ወጣት መንገዱን ሲሠራ የነበረው ቆቡን ሳያወልቅ ነው። በሠራው መንገድ ላይ ታናሽ ወንድሙ በጊዜው ወደ ሐኪም ቢደርስበት፣ መንገዱ ከአስፋልትነቱ በላይ ዋጋ ይኖረዋል።